የተቀበረ ሽቦ ፍለጋ፦ ለጎጃም ቤት የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ግድግዳው ተለስኖ ቀለም ከተቀባ በኋላ ሽቦው በየት እንዳለፈ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። መስመሩን የዘረጋው ኤሌክትሪሺያን ወይ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ወይ ስልኩን ቀይሯል፣ ወይ ራሱም ረስቶታል። የመስመር ንድፍ ተስሎለት የተቀመጠ የግል ቤት ብርቅ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ፣ ቤት የሚሠራው በአቅም ነው። መጀመሪያ ሰርቪሱ ይቆማል። ብር ሲገኝ ዋናው ቤት ይከተላል። ቀጥሎ ለተከራይ ሁለት ክፍል ይጨመራል። ሽቦውም ከቤቱ ጋር እየተቀጠለ ይሄዳል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሶኬት ይሞታል። ወይ ቴሌቪዥን ለመስቀል ግድግዳ መብሳት ይመጣል። ያኔ ሰው ሱቅ ሄዶ «ሽቦ የሚፈልግ ማሽን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሱቁም ያለውን ያወጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሻጭ አፍ ሁሉም «ሽቦ ፈላጊ» ነው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ የሚያገኘውን ሌላው ጭራሽ አያየውም።

ዋጋና ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጥልቀት መምረጫ አይሆኑም። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የምፈልገው ሽቦ ውስጥ አሁን መብራት አለ ወይስ የለም? ግድግዳውስ ከምን ተሠራ? የሁለቱ መልስ ካላችሁ ምርጫው በአብዛኛው ያለቀ ነው።

መጀመሪያ በነፃው

ዓይን ገንዘብ አያስወጣም። የለመደ ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን ወደ ኮርኒሱ አካባቢ አግድም ያስኬደውና ከጃንክሽን ቦክስ (ሽቦዎች ከሚገናኙበት ሳጥን) ቀጥ አድርጎ ወደ ሶኬቱ ያወርደዋል። ስለዚህ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይ ያለውን ቦታ አትብሱ። ባትሪ መብራት ከጎን አብርታችሁ ግድግዳውን ብታዩ፣ ሽቦ ተቀብሮበት በኋላ የተለሰነው ቦታ ብዙ ጊዜ እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። ኮርኒሱ የአቡጀዴ ወይም የቺፕውድ ከሆነ ደግሞ አንዱን ጥግ ከፍቶ ማየት ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል። ሽቦው እዚያው ተጋድሞ ነው የሚገኘው።

አንዱን ብሬከር አጥፍቶ የትኛው ክፍል እንደጠፋ ማየትና በወረቀት መጻፍም ነፃ ነው። ይህን የሠራ ሰው የሚፈልገው መስመር የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ያውቃል።

የስልክ አፕሊኬሽን ግን እርሱት። ስልክ ውስጥ ያለው የማግኔት መለኪያ የሚሰማው ብረትን ነው። መዳብን አያይም። በጭቃ ግድግዳ ላይ ብትሞክሩት የምታገኙት ሚስማር ነው።

እስክሪብቶ ቴስተር

ሳይነካ የሚጮኸው ቴስተር ማለቴ ነው። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ጫፉ መብራት ያለበት ሽቦ ዙሪያ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ ያሸታል፣ ይበራል፣ ይጮኻል። ሶኬት ውስጥ ፌዙ (መብራት ይዞ የሚመጣው ሽቦ) የቱ ጋ እንደሆነ፣ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላ ሽቦው በእርግጥ መሞቱን ለማየት ይጠቅማል። እኔ ይህን ያልያዘ ሰው ሽቦ ባይነካ እመርጣለሁ።

የተቀበረ ሽቦ ለመከታተል ግን አቅም ያንሰዋል። የሚሰማው ጥቂት ሴንቲሜትር ድረስ ብቻ ነው። ኒውትራልን (የመመለሻውን ሽቦ) አያሳይም። ሽቦው በብረት ቱቦ ውስጥ ካለፈ ዝም ይላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መብራት በሄደ ሰዓት ዋጋ የለውም። መብራት ሲሄድ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ዝም ማለቱንም በጭፍን አትመኑት። መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ሞክሩት፣ ከዚያ በሚጠረጠረው ሽቦ፣ በመጨረሻ ተመልሳችሁ በዚያው ሶኬት። ባትሪው መሃል ላይ አልቆ ሊሆን ይችላልና።

የግድግዳ ዲቴክተር

ይህኛው ግድግዳ ላይ እየተንሸራተተ ብረትን፣ እንጨትንና መብራት ያለበትን ሽቦ ይፈልጋል። ምሳሌ ልስጥ፦ የቦሽ ጂኤምኤስ 120 በፋብሪካው አገላለጽ ብረትን እስከ 120 ሚሊሜትር፣ የመዳብ ቱቦን እስከ 80፣ መብራት ያለበትን ሽቦ ግን እስከ 50 ሚሊሜትር ድረስ ነው የሚያገኘው። ልብ በሉ፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 120 የሽቦ ቁጥር አይደለም። ሽቦ ለሚፈልግ ሰው ቁጥሩ 50 ነው። ሌሎቹም ላይ ይህን ለዩ።

ለመብሳት ለሚዘጋጅ ሰው ዲቴክተር ጥሩ ነው። «እዚህ ጋ አለ፣ እዚህ ጋ የለም» ይላችኋል። የማይነግራችሁ ደግሞ ያ ሽቦ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው። የሳሎኑን መስመር ከኩሽናው አይለይም። ሽቦው ውስጥ መብራት ከሌለ በሽቦ ፈላጊነቱ ይደክማል፤ በብረት ፈላጊነቱ ብቻ ይቀራል። ኮንክሪት ውስጥ ያ ማለት ፌሮውን ሁሉ ሽቦ እያለ ያስቸግራል ማለት ነው።

ቶን ጄኔሬተር

የኔትወርክና የካሜራ ሠራተኞች የሚይዙት ነው። ላኪው በ9 ቮልት ባትሪ ሽቦው ውስጥ የሚዘፍን ድምፅ ይከታል፣ ተቀባዩ ዱላ ሲጠጋው ይጮኻል። እንግዳ ማረፊያ ውስጥ የተዘረጉ 20 የካሜራ ገመዶች አንድ ቦታ ተሰብስበው የቱ የቱ እንደሆነ ሲጠፋ፣ ከዚህ የተሻለና የረከሰ መፍትሔ የለም። ማስቴክ ኤምኤስ6812 እና ዩኒቲ ዩቲ682 ከዚህ ቤተሰብ ናቸው።

ነገር ግን ይህ መሣሪያ ለሞተ ገመድ ብቻ ነው። 220 ቮልት ላይ ከታሰረ መሣሪያው ይቃጠላል፣ የያዘውም ሰው አደጋ ላይ ይወድቃል። ከሚቀጥለው መሣሪያ ጋር በመልክ ስለሚመሳሰሉ ገዢዎች ያምታቱታል። ሁለቱም ላኪና ተቀባይ አላቸው፣ ሁለቱም በቦርሳ ይመጣሉ። መለያው አንድ ነው፦ ላኪው ላይ እስከ 400 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ ወይስ የለም? ከሌለ ለመብራት መስመር አይደለም። ሻጩ «ችግር የለውም፣ ይሠራል» ቢላችሁም አይደለም።

ሲግናል ትሬሰር

ወደ ዋናው መጣን። ትሬሰር ለመብራት መስመር ተብሎ የተሠራ ነው። አብዛኛው ጥሩ ሞዴል መብራት ባለበትም በሌለበትም ሽቦ ላይ ይሠራል። ላኪው ሽቦው ላይ ይታሰርና ከመብራታችን 50 ኸርዝ በጣም የራቀ ሲግናል ይለቃል። ተቀባዩ ያንን ሲግናል ብቻ ነው የሚያዳምጠው። ስለዚህ ግድግዳው ውስጥ አሥር ሽቦ ቢኖር የእናንተን ለይቶ ይከተላል። የመብራት መስመር ላይ ሌሎቹ መሣሪያዎች ይህን አይችሉም።

የሲግናሉ ድግግሞሽ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ፍሉክ 2042 በ125 ኪሎኸርዝ ይሠራል። የአምፕሮብ ኤቲ-6000 ቤተሰብ መብራት ባለበት መስመር ወደ 6፣ በሌለበት ወደ 33 ኪሎኸርዝ ይጠቀማል። ይህ ዝም ብሎ የፋብሪካ ጌጥ አይደለም። ከፍ ያለ ድግግሞሽ ጫፉ ክፍት ወይም የተቆረጠ ሽቦ ላይም በደንብ ይሰማል፤ ግን አጠገቡ ወዳለ ሽቦ ይፈስሳል። ዝቅ ያለው በሽቦው ላይ ይጸናል፤ ግን ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል። የተቆረጠ ሽቦ የሚበዛባችሁ ከሆነ ከፍ ያለው፣ ብዙ መስመር የተጨናነቀበት ሕንፃ የሚበዛባችሁ ከሆነ ሁለቱንም የያዘው ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው ትሬሰር ገዝቶ «አይሠራም» ብሎ የሚመልስበት ነጥብ ላይ ልቆይ። የላኪው ሁለት ገመዶች የት የት ነው የሚታሰሩት? ሰው በደመ ነፍስ አንዱን ፌዝ ላይ፣ አንዱን እዚያው ሶኬት ኒውትራል ላይ ያስራል። ያኔ ሲግናሉ በአንዱ ሽቦ ሄዶ አጠገቡ ባለው ሌላው ይመለሳል። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከሁለት ወገን እኩል ቢገፉት በሩ እንደማይነቃነቅ፣ የሁለቱ ሽቦ መስክም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ተቀባዩ የሚሰማው የተረፈውን ትንሽ ነገር ብቻ ነው። የፍሉክ 2042 እና የማስቴክ ኤምኤስ6818 መመሪያዎች ልዩነቱን በቁጥር ያሳያሉ። በዚህ አስተሳሰር እስከ 0.5 ሜትር፣ አንዱ ገመድ ከሽቦው ርቆ መሬት ላይ ሲታሰር ግን እስከ 2 ሜትር። ያው ማሽን ነው።

ስለዚህ ትሬሰር ስትገዙ አብራችሁ ጥሩ መሬት ማዘጋጀት አለባችሁ። የሶኬቱ ሦስተኛ ነጥብ መሬት ነው ብላችሁ አትጀምሩ። ብዙ ቤት ውስጥ ቀዳዳው አለ፣ ጀርባው ላይ ግን ሽቦ የለም። አንድ ሜትር የሚሆን ፌሮ ቁረጡ። ከቤቱ ጥቂት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ ሽቦው ያልፍበታል ብላችሁ ከምትጠረጥሩት አቅጣጫ በተቃራኒ ምቱት። በክረምት አፈሩ ስለሚረጥብ ችግር የለም። በየካቲትና በመጋቢት ግን ዙሪያውን ውኃ አፍስሱበት። በተለይ ደጀንና ቢቸና አካባቢ ዋልካው በበጋ ስለሚሰነጠቅ ፌሮው አየር ላይ እንደቆመ ይቆጠራል። አንድ ጆግ ውኃ እዚያ ላይ ከውድ ሞዴል ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መስመሩን ማጥፋት ከተቻለ አጥፍታችሁ ሥሩ። የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ፤ ፍሪጁን፣ ምጣዱን፣ ቻርጀሩን። ያልተነቀለ ዕቃ ካለ ሲግናሉ በሱ በኩል ወደ ኒውትራል አልፎ ቤቱን ሁሉ ይዞራል፣ እናንተም አብራችሁ ትዞራላችሁ። መብራት ባለበት መስመር ላይ ላኪውን በፌዝና በመሬት መሃል ካሰራችሁ አርሲዲ የሚባለው (መብራት ወደ መሬት ሲፈስ የሚያጠፋው) ብሬከር ካለ ሊወድቅ ይችላል። ይህ የማሽኑ ብልሽት አይደለም።

ፍለጋው ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሙሉ ጉልበት ጀምሩ፤ እየቀረባችሁ ስትሄዱ የተቀባዩን ጉልበት ቀንሱ። ግድግዳው ሁሉ የሚጮኽ ከመሰላችሁ ጉልበቱ በዝቷል ማለት ነው። ከፍ ብሎ የጮኸበትን ነጥብ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ነጥቦቹን አያይዙ። ድምፁ ድንገት ሰፍቶ በሁለት ሦስት አቅጣጫ ከተከፈለ፣ በልስን የተሸፈነ ጃንክሽን ቦክስ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ዓይነቱ ቦክስ የብልሽት ሁሉ መኖሪያ ነውና ምልክቱን አታጥፉ።

የተቆረጠ ሽቦ ከሆነ ሲግናሉ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል። ግን አጠገቡ ያለው ጤነኛ ሽቦ ሲግናሉን ተቀብሎ ወደፊት ሊያስኬደው ይችላል። ይህን ለማስቀረት በዚያው ቱቦ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ሽቦዎች፣ መብራት አለመኖሩን አረጋግጣችሁ፣ ከመሬቱ ፌሮ ጋር እሰሯቸው። ሾርት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ላኪውን በተገናኙት በሁለቱ ሽቦዎች ላይ አስሩ፤ ሲግናሉ እስከ መገናኛው ሄዶ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። በዚህኛው ጥልቀቱ ያንሳል፣ ግን ሌላ አማራጭ የለም።

ግድግዳው ምን ይላል?

ለብሎኬትና ለፕላስቲክ ቱቦ ሁሉም መሣሪያ ይስማማል። አዲሶቹ ቤቶች በአብዛኛው እንዲህ ስለሆኑ ብዙ አልልም።

የጭቃ ቤት ሌላ ዓለም ነው። ባህር ዛፉን የያዘው ሚስማር የዲቴክተሩን የብረት ክፍል ያሳብደዋል። ሽቦው ብዙ ጊዜ ያለ ቱቦ በጭቃው ውስጥ ስለሚያልፍ ወይም በክሊፕስ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ጥልቀት ችግር አይሆንም። ችግሩ እርጥበት ነው። እንደ እንጅባራና ዳንግላ ባለ ዝናብ በበዛበት አገር በነሐሴ ግድግዳው ውኃ ይጠጣል። የረጠበ ጭቃ የሽቦውን መስክ ይዞ ያሰፋዋል፤ እስክሪብቶውም ዲቴክተሩም ግማሽ ግድግዳ ላይ ይጮኻሉ። አንዳንዴም ጨርሶ ይውጠዋል። ለጭቃ ቤት የምመክረው መስመሩን አጥፍቶ በትሬሰር፣ በዝቅተኛ ጉልበት መፈለግ ነው። ከተቻለ በበጋ።

የቆርቆሮ ሱቅ ላይ ትሬሰር አትድከሙበት። ሲግናሉ ቆርቆሮው ላይ ይሠፍርና ሱቁ በሙሉ ሽቦ ይሆናል። እዚያ የሚሻለው አዲስ መስመር ላይ ላዩን መዘርጋት ነው።

የብረት ቱቦም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በዚያ ዘመን አካባቢ የተሠሩ ሕንፃዎች ላይ የምትሠሩ ከሆነ የብረት ቱቦ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። መሬት የነካ ብረት ሲግናሉን ይሸፍነዋል። ያኔ የቱቦውን መንገድ በዲቴክተሩ የብረት ክፍል ፈልጉ፤ ሽቦውን በትሬሰር የምታገኙት ቦክሶቹ ላይ ብቻ ነው።

አጥር ላይ ካለው ቆጣሪ ተነስቶ በግቢው ሥር ወደ ቤት ለሚገባ መስመር ምርጫው አንድ ነው፤ ትሬሰር፣ በመሬት ፌሮ። የመሬት ገመዱ ራሱ የምትፈልጉትን መስመር አያቋርጥ። ጌሾ ወይም አቮካዶ ለመትከል ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት ይህን ማድረግ ብልህነት ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ግን የመብራት ኃይል ነው። እዚያ ላይ ላኪ አይታሰርም፤ 905 ደውሉ።

መብራት ሄዷል ብሎ መተማመን

ይህ ለሁሉም መሣሪያ የሚሆን ነው። መብራት በሄደ ሰዓት ሽቦ መንካት የተለመደ ነው። «አያ፣ መብራት የለም፣ ዝም ብለህ ንካው» የሚል አይጠፋም። መብራት ግን ሳያንኳኳ ነው የሚመጣው። ዋናውን ብሬከር አጥፉ፣ ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገሩ። ጀነሬተር ወይም ሶላር ያለበት ግቢ ከሆነ ያንንም ለዩ። ጎረቤት በሌላ ሽቦ መብራት የሚበደርበት ቤትም ስላለ በእስክሪብቶው አረጋግጡ።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ

ዘመድ የላከው ብሬከር ፈላጊ በብዛት እየታየ ነው። ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ተቀባዩ ሳጥኑ ላይ ያለውን ብሬከር ለይቶ ይጮኻል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን የአሜሪካው መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ለምሳሌ የክላይን ኢቲ310 ከ90 እስከ 120 ቮልት ነው የሚቀበለው። አዳፕተር ገዝቶ እኛ 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። አዳፕተር የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ለሰው ስታዝዙ «እስከ 240 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይሁን» በሉ። ትሬሰር ካላችሁ ደግሞ ይህን ሥራ ራሱ ይሠራዋል፤ ብሬከሮቹን ሁለት ዙር አሸቷቸው፣ በሁለቱም ዙር ከፍ ብሎ የጮኸው ነው።

እና ማን ምን ይግዛ?

ቤት ያለው ሰው እስክሪብቶ ቴስተር ይግዛ። ብሎኬት ቤት ላይ ብዙ የሚበሳ ከሆነ ዲቴክተር ይጨምር። ትሬሰር ግን ለአንድ ሶኬት ብሎ አይገዛም፤ ትሬሰር ያለውን ኤሌክትሪሺያን መጥራት ይረክሳል። ሠራተኛውን ስትጠሩ «ትሬሰር አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር ሰው ግን መብራት ባለበትም በሌለበትም የሚሠራ፣ እስከ 400 ቮልት የሚችል ትሬሰር ይያዝ። የእኛ ሦስት ፌዝ 380 ስለሆነ ከዚያ በታች የሚችለውን አትመልከቱ። እንደ ኤምኤስ6818 ያለው የቻይና ሞዴል ለመኖሪያ ቤት ሥራ ይበቃል ባይ ነኝ። ፍሉክና አምፕሮብ የሚያዋጡት ሆቴል፣ ፋብሪካና ሆስፒታል ላይ በየቀኑ ለሚሠራ ነው። ኔትወርክና ካሜራ ብቻ የሚሠራ ቶን ጄኔሬተር ይዞ ይርካ።

ዋጋ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም፦ እስክሪብቶ፣ ቶን ጄኔሬተር፣ የቻይና ትሬሰር፣ ከዚያ ብዙ ርቆ የታወቁት ሞዴሎች። ዲቴክተሩ እንደ ሠሪው ስም መሃል ላይ ይወርዳል ይወጣል።

ሱቁ ውስጥ ሳትከፍሉ ሞክሩት። አምስት ሜትር ሽቦ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ጫፍ ላኪው ላይ እሰሩ፤ ሌላውን ጫፍ ክፍት ተዉትና ሽቦውን ከካርቶን ሥር ቅበሩት። የላኪውን ሌላ ገመድ መሬት የነካ ብረት ላይ አስይዙ። ተቀባዩ ካርቶኑ ላይ ሽቦውን ተከትሎ ከሄደና ጉልበቱ ሲቀነስ ነጥቡ ከጠበበ ጥሩ ነው። ጉልበቱን መቀነሻ የሌለውን መልሱለት። ባትሪውም 9 ቮልት ከሆነ ከከተማችሁ እንደሚገኝ አረጋግጡ፤ ካልሆነ ተለዋጭ ይዛችሁ ተመለሱ።